ነጯን ከጎኗ መምታት

ቤታችን ፊቱ ወደ መንገድ ነው። የፊተኛው ክፍል ፑል ቤት ነው። ጠረጴዛውን ያስገባው ባለቤቴ ነበር፤ በበሩ አላልፍ ብሎ ግድግዳ ፈርሶለታል። ከልደታ ወደ አብነት ሲኬድ ዙሪያችን ያለው ቤት ብዙው ተነስቶ ፎቅ ቆሟል። የእኛ ረድፍ ግን እስካሁን አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን ያሳደግሁት ከዚያ ክፍል በሚገኝ ነገር ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላም ያኖረን እሱ ነው።

እኔ የምቀመጠው ክፍሉንና ጓዳውን በሚያገናኘው በር አጠገብ ነው። ሻይ እሸጣለሁ፣ በመሃል ዳንቴሌን እሠራለሁ። ስቲክ ጨብጬ አላውቅም። ግን ይህን ያህል ዘመን አንድ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሳይፈልግም ይማራል።

ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ የልደታ ፍርድ ቤት ባለጉዳዮች ናቸው። ጠዋት ችሎት ቀርበው ለከሰዓት በኋላ የተባሉ ሰዎች ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው አመታቱ ያስታውቃል። ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ኳሷን ከሚገባው በላይ ያጠብቅባታል። ሻይ ስሰጠው ስኳሩን ሳያማስል ይጠጣል።

ባለቤቴ ስለ ፑል የማይነቃነቅ አቋም ነበረው። ነጯ ኳስ መሃሏን ነው መመታት ያለባት ይል ነበር። በስቲክ የምትመታው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹን ገጭታ ወደ ጉድጓድ የምትልካቸው እሷ ናት። መሃሏን ከመቷት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከቀኟ ወይም ከግራዋ ከመቷት ግን እየሄደች በራሷ ላይ ትሾራለች፤ የጠረጴዛውን የጠርዝ ጎማ ስትነካም ባልታሰበ በኩል ትወጣለች። ወጣቶቹ ይህን ይወዱታል፤ ለዓይን ያምራል። እሱ ግን፣ «በር እያለ በአጥር አይገባም» ይላቸው ነበር። ከጎኗ የተመታች ኳስ ገና ከስቲኩ ስትለይ ጥቂት ወደ ሌላው ወገን ትሸሻለች፤ መቺው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ጨርቁ ካረጀ ደግሞ መንገድ ላይ ትታጠፋለች። ስለዚህ ሰው ከአስር ምት አንዱን ከጎን ቢመታ ይበቃዋል፣ ያውም ሌላ መንገድ ሲያጣ። ሕጉ ይህ ነበር።

በዚህ ሕግ የማይስማሙ አንድ ወዳጅ ነበሩት። ፍርድ ቤቱ ደጅ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሥራውን ትተው ከሰዓት በኋላውን እኛ ቤት ያሳልፋሉ። ወጣቶቹ ጋሼ ይሏቸዋል። እሳቸው ያለ ጎን ምት ፑል የለም ባይ ናቸው።

«ይሄ ሰውዬ ፑል አይጫወትም፣ ያስቀድሳል እንጂ» ይሉ ነበር ባለቤቴን።

እሱም አይተዋቸውም። «የአንተ ማመልከቻም እንደ ምትህ ነው። ዳኛው በየት እንደገባህ ሳይገባው ይፈርድልሃል።»

ልጄ የአባቱ ተማሪ ነው። አባቱ ሲያሠለጥነው ሌላውን ኳስ ሁሉ ከጠረጴዛው ያነሳና ነጯን ብቻ ያስቀምጥለት ነበር። ልጁ ነጯን በቀጥታ ወደ ማዶው ጎማ ይመታታል። መሃሏን ካገኛት በመጣችበት መስመር ተመልሳ የስቲኩን ጫፍ ትነካለች። ትንሽ ወደ ጎን ካለ ግን ስትመለስ ዘወር ብላ ታልፈዋለች። ጨዋታ ሳይፈቀድለት ይህንን ብቻ ሲመታ የዋለበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሰልችቶት ቢነጫነጭም እጁ ቀና።

አሁን ሠላሳውን አልፏል። ፑል ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚህ እስከ ሜክሲኮ ያሉ ፑል ቤቶች የጠረጴዛ ጨርቅ ሲያረጅባቸው የሚጠሩትም እሱን ነው። ጨርቅ ወጥሮ ሲያለብስ እጅግ ጥንቁቅ ነው። አጨዋወቱም እንደዚያው ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ሰው የማያጨበጭብለት፣ የማይሸነፍ።

ካለፈው ክረምት ማብቂያ ጀምሮ ግን ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ ያዩት ጋሼ ናቸው። ልጄ የመታት ነጭ አንዷን ኳስ ገጭታ ቆመችና ባለችበት መሾር ጀመረች።

«ምን አየሁ» አሉ ጋሼ። «አንተም ጎን ጀመርክ?»

ልጄ ነጯን እያየ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ዘመኑ ነው።»

«አባትህ ይስማህና ከመቃብር ተነስቶ ስቲክህን ይቀማሃል።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነጯ በየምቱ ማለት ይቻላል ትሾር ጀመር። ሰው እየተጠራራ መጣ። አንዳንዴ ይስታል፤ ሲስት ግን «ደፍሮ ነው የሳተው» ይሉለታል። ሲያገባ ደግሞ ስልክ ይወጣል፣ ይቀረጻል። አንዱ ወጣት ሻይ እየተቀበለኝ፣ «ማዘር፣ ልጅሽ እኮ ኳሷን እስክስታ አስተማራት» አለኝ። ሰው ልጇን ሲያደንቅላት እናት ምን ትላለች? ተመስገን አልኩ።

ግን ከወንበሬ ሆኜ ሳይ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ጎን ምት የሚችል ሰው እንዳስፈለገው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይመታል። ጋሼ እንዲያ ናቸው። የልጄ ነጭ ግን የምትሾረው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ቀላል ኳስ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመች ኳስ ስትሆን እንኳ፣ ማንም ሰው በቀጥታ ገፋ አድርጎ የሚያስገባት ስትሆን እንኳ፣ ያው ትሾራለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ ልጄ በአጥር ይገባል። ለምን?

አንድ ቀን ከሜክሲኮ ሰፈር ስሙ የወጣ ተጫዋች ሊፎካከረው መጣ። ጸጉሩን አሳምሮ የተቆረጠ፣ የራሱን ስቲክ በቦርሳ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። ልጄ አሸነፈው። እንግዳው ነጯ በየት እንደምትወጣ መገመት አቅቶት ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

«ወንድሜ፣ ነገሩ እጅህ ላይ ነው ስቲክህ ላይ?» አለው።

«የእናቴ ጸሎት ላይ ነው» አለ ልጄ። ሰው ሳቀ፤ ጋሼም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

በማግስቱ አንዱ ያንን ጨዋታ በስልኩ አሳየኝ። ሁሉም ኳሷን ያያል። እኔ ልጄን አየሁ። መትቶ ነጯ መሾር ስትጀምር ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። አንድ አፍታ ነው። ሰው ስሙን የጠሩት መስሎት ዞር ሲል ማንም የለም፤ እንደዚያ ያለ ፊት ነው። ከዚያ ጭብጨባው ሲመጣ ሳቀ።

«ድገምልኝ» አልኩት ባለስልኩን።

ደገመልኝ። ያው ነው። ልጄ ከመሳቁ በፊት ይደነግጣል።

ለማንም አልተናገርኩም። ማየት ግን ጀመርኩ። ከጓዳ ሲወጣ ቀኝ ትከሻው የበሩን መቃን ይነካል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልፍበት በር ነው። ሻይ ሲቀዳ ሻዩ የብርጭቆውን አፍ ስቶ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል። «እጄ ተንቀጠቀጠ» ይላል፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ሻይ ሲያፈስስ ያየች አንድ ጎረቤት ዓይን ገብቶበት ይሆናል አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እያደነቀ ሲቀርጸው። በጸሎቴ ስሙን ደጋግሜ አነሳሁ።

በኅዳር ልደታ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ግቢው ይቀዘቅዛል። ጧፌን፣ «ስጪኝ እማዬ፣ እኔ ላብራልሽ» ብሎ ተቀበለኝ። ከፊታችን ከሚነድደው ጧፍ ሊያቀጣጥል እጁን ዘረጋ። የእኔ ጧፍ ጫፍ ከነበልባሉ ጎን ባዶ አየር ላይ ቆመ። እዚያው ያዘው፤ እስኪቀጣጠልም ጠበቀ። አልቀጣጠል ሲለው ጥቂት አስጠጋ፤ አሁንም አልነካውም። አጠገባችን የቆመች ሴት እጁን ይዛ ወደ እሳቱ አቀናችለት።

ጧፉን ሰጠኝ። እኔን አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

ፑል ቤት ውስጥ ሰው እልል የሚልለት ነገር እዚህ ስሙ ሌላ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። ሕዝቡ ሲወጣ የንስሐ አባታችንን ቆመው አገኘኋቸውና በአጭሩ ነገርኳቸው።

«ጠበሉን ውሰጂ» አሉኝ። «ሐኪምም ዘንድ ውሰጂው። አንዱን ለአንዱ ብለሽ አትተዪ። ቶሎ በይ።»

«አባ፣ እሺ ባይለኝስ?»

«በሚያውቀው ነገር አሳዪው።»

በሚያውቀው ነገር ያሉኝን እያሰብኩ አደርኩ። ጠዋት ልጄ ፑል ቤቱን ሲከፍት ዳንቴሌን አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ጋሼ በዚያን ቀን ቀደም ብለው መጥተው ጥግ ላይ ዳቦ በሻይ ይበሉ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። ኳሶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ሳጥናቸው መለስኩ፤ ነጯን ተውኳት።

«ምን ልትሠሪ ነው እማዬ?» አለ ልጄ እየሳቀ።

«አባትህ የሚያስመታህን ምታልኝ።»

«የቱን?»

«ሄዳ የምትመለሰዋን።»

«እሷማ የሕፃን ናት።»

«ስለዚህ አትከብድህም።»

ጋሼ ከጥጋቸው፣ «እናትህ አሠልጣኝ ሆነችልህ፤ አለቀልህ» አሉት።

ስቲኩን አነሳ። ጫፉን ጠመኔ ቀባው። ጎንበስ ብሎ ተዘጋጀ፤ እጁ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። መታት። ነጯ ማዶ ደርሳ ጎማውን ነካችና ስትመለስ ወደ ቀኝ ሸሸች። በስቲኩና በእሷ መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

«ደግመህ» አልኩት።

ደገመው። የባሰ ራቀች።

«ጋሼ እያዩኝ እኮ ነው» አለ።

«እኔ ዳቦዬን ነው የማየው» አሉ ጋሼ። ግን ዳቦውን አስቀምጠው ነበር።

«ደግመህ።»

አሁን አልሳቀም። ረጅም ጊዜ አነጣጠረ። መታት። ነጯ ተመልሳ በአጠገቡ አለፈችና የጎን ጎማውን ገጭታ ቆመች። ቆማም ትሾር ነበር።

«ጨርቁ ነው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ቀነሰ።

«ጨርቁን እኔ ነኝ ያለበስኩት» አለ ልጄ።

«ወለሉ ሰጥሞ ይሆናላ። ይሄን ሁሉ ፎቅ አጠገባችን እየቆፈሩ።»

ጋሼ ተነሱ፤ ስቲኩን ከእጁ ተቀበሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኳስ ከመሃሏ መምታት የሰነፍ ነው ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎንበስ አሉና ነጯን መሃሏን መቷት። ሄደች። ጎማውን ነካች። በሄደችበት መስመር ተመልሳ የስቲካቸውን ጫፍ ነካች። ድምፁ ተሰማ፤ ትንሽ ድምፅ ናት።

ጋሼ ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስተኙት፣ የተሰበረ ነገር የሚያስቀምጡ ይመስል።

«ጠረጴዛው ደህና ነው» አሉ።

ልጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «እማዬ፣ እኔ መሃሏን ነው የመታሁት» አለኝ። «ለእኔ መሃሏ እሱ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምቱ። ነጯ መሾር ስትጀምር ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ጉድ ሲል... እኔም እጄ ሌላ ነገር የተማረ መሰለኝ። አባዬ ስቶ እኔ ያገኘሁት መሰለኝ።»

«ራስህንስ ያምሃል?»

«ጠዋት ጠዋት» አለ። «ተነስቼ ስንቀሳቀስ ይተወኛል።»

ጋሼ ኮታቸውን ለበሱ። «በሩን ዝጋ» አሉት። «ዛሬ ሰው አይገባም።»

የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አልፈልግም። አንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ላከን። ጭንቅላቱን በትልቁ መሣሪያ ፎቶ አነሱት። መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አስቀምጣን፣ ከዓይኑ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባቄላ የሚያህል ዕጢ እንዳለ ነገረችን። በዝግታ የሚያድግ ዓይነት ይመስላል አለች፤ ሳይወጣ ግን በርግጠኝነት አይታወቅም። ከምስሉ ላይ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችን። ልጄ ወደ ምስሉ ሳይሆን ወደ እስክሪብቶው ያይ ነበር።

«በደንብ ሳይገፋ ነው የመጣችሁት» አለች። «ብዙ ሰው ሲወድቅ ነው የሚመጣልን። በምን አወቃችሁ?»

ልጄ ወደ እኔ ጠቆመ። «ፑል ስጫወት አይታኝ ነው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ፤ ነጠላዬንም አየች። «እርስዎ ፑል ይጫወታሉ?»

«እሷ አትጫወትም፤ ትፈርዳለች እንጂ» አሉ ጋሼ። ሐኪሟ ፈገግ አለች። እኔ ግን «በርግጠኝነት አይታወቅም» ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ከጋሼ ጋር ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ተቀመጥን። እኔ ውዳሴ ማርያሜን ያዝኩ። እሳቸው መጀመሪያ ላይ ያወሩ ነበር፤ ባለቤቴን እንዴት እንዳስቆጡት፣ ጠረጴዛው ሲገባ ግድግዳውን ማን እንዳፈረሰ። ቆይተው ግን፣ «እኔ ነኝ ያጨበጨብኩለት» አሉኝ።

«ሁላችንም ነን» አልኳቸው። «ያጨበጨብነው ስለወደድነው ነው።»

መጽሐፌን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። አብረን አነበብን፤ እሳቸው በሹክሹክታ፣ እኔ በልቤ።

ልጄ ነቃ። ስሜን ሳይሆን «እማዬ» የሚለውን ጠራ፤ ለእኔ ስሜ እሱ ነው። ተመስገን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ ጣቷን ከፊቱ አቆመች። «ጫፉን ንካልኝ» አለችው። ነካው። እጇን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደች። «አሁንም።» ነካው። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ትንሽ ወደ ቀኝ አለፈ።

«ጊዜ ይፈልጋል» አለች። «ያልነካነው ጥቂት ቀርቷል፤ ቦታው አይፈቅድም። በየጊዜው እያነሳን እናየዋለን። ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል።»

ሊቀመጥ ይችላል። እሷ ያለችው ይህንን ብቻ ነው። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ልጄን በእግሩ እየሄደ ወደ ቤቱ ይዤ ተመልሻለሁ፤ ብዙ እናት ይህንን አላገኘችም።

አሁን ፑል ቤቱ ተከፍቷል። ልጄ ጨርቅ ማልበሱን ወደፊት ያየዋል፤ ለጊዜው ቤት ነው የሚውለው። ጋሼ ከጎን መምታት ትተዋል። ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቃቸውም። አንዱ እንግዳ ነጯን ሲያሾራት እኔ ሳላውቀው ከወንበሬ ብድግ ስል አይተውኛል። ወጣቶቹን ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ እኔ ባለሁበት ሰዓት ግን ኳሷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ክፍሉ ትንሽ ጸጥ ያለ ሆኗል።

ልጄ አልፎ አልፎ ይጫወታል። ትናንት ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ተጫወተ፤ ሰውየው ለከሰዓት በኋላ ችሎት የሚጠብቅ ነበር። ልጄ ጥሩ መታ። አንዷን አስገባ፣ ሌላዋን አስገባ። ከዚያ አንዲት ኳስ ከሌላ ጀርባ ተደብቃበት ብዙ አሰበ፤ መታት። ነጯ ገጭታት ቆመች፤ ባለችበትም መሾር ጀመረች።

ባለጉዳዩ፣ «ጎበዝ» አለው።

ልጄ ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ መብራቱ ከኋላው ስለነበር አልታየኝም።

«ይቺን ፈልጌ ነው እማዬ» አለኝ። «ሌላ መንገድ አልነበራትም።»

ጠረጴዛውን አየሁ። እውነትም ሌላ መንገድ አልነበራት ይሆናል። ከወንበሬ ሆኜ በደንብ አይታይም።

«ተመስገን» አልኩት።

ጭንቅላቱን እንደገና በመሣሪያው የሚያነሱት ሐሙስ ነው። ጋሼ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብለዋል።